ማዕበል የሚመታው ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ። ልጄ፣ «ቂሜ ከልቤ መውጣቱን በምን አውቃለሁ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የእሱን ነገር ስማ።

ይህ ሰው ዓሣ አጥማጅ ነበረ። ከሩቅ ወደብ አሮጌ ጀልባ ገዝቶ መጣ። በመንደሩ ሕግ ከሌላ ባሕር የመጣ ጀልባ ወደ የብስ ተጎትቶ አርባ ቀን ፀሐይ ሳይመታው የአገሩን ውኃ አይነካም። እሱ ግን ዓሣው ሊያልፈኝ ነው ብሎ ቸኮለ። በጀልባው ሆድ የተለጠፈውን፣ አተላ የመሰለ ቡናማ ነገር ሰው ሳያየው እዚያው ባሕሩ ውስጥ ፋቀው።

በተከታዩ የሙቀት ወር፣ ነፋስ በማይደርስበት የባሕር ጥግ፣ ወለሉ ሁሉ ቡናማ ሆነ። ከዚያ የተጠመደውን ዓሣ የበሉ ከንፈራቸው ደነዘዘ፤ አንድ ሽማግሌም ሞቱ። መንደሩ ጥጉን ከለከለ። የነፋሱ ወር ሲገባ አተላው ከዓይን ጠፋ።

ሰውዬው የማን ሥራ እንደሆነ ልቡ ያውቃል። ስለዚህ በየዓመቱ በነፋሱ ወር፣ በቤቱ ደጅ በኩል፣ ማዕበል በሚመታው ባሕር ይጠልቅና አተላ ያልያዘው ንጹሕ ነጭ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። «ተመስገን፣ ጠፍቷል» ይላል።

ምስጢሩን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። «አንተ ሰው፣ በሙቀቱ ወር ጥጉ ድረስ ሄደህ እይ እንጂ! በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ትለዋለች። እዚያ ካገኘው በመንደሩ ፊት መናዘዙ ነውና፣ ፈሪው ሰው አንድም ቀን አልሄደም።

በአራተኛው ዓመት፣ ሴት ልጁን ሊድር ሲሰናዳ፣ ሽማግሎቹ «ጠላቂው አንተ ነህ፤ የጥጉ ዓሣ ለሠርጉ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠየቁት። ነጩን ድንጋይ አወጣና «ይኸው፣ ንጹሕ ነው» አላቸው። ደጋግሞ ከማለቱ የተነሣ ራሱም አምኖት ነበር።

ሠርጉ በሙቀቱ ወር ሆነ። እንደ ወጉ ሙሽራይቱ ቀድማ ቀመሰች። ሳይመሽ ምላሷ ተሳሰረ፤ በማግስቱ ቀበሯት። አባትየው ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ጥጉ ሄዶ ጠለቀ። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነበር።

አንተም ልጄ፣ ቂምህን የምትፈልገው በጾም ወር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተንበርክከህ ነው። እዚያማ ማን ቂም ይገኝበታል? የበደለህ ሰው ልጁን የዳረ ዕለት፣ አዝመራው ያማረለት ዕለት፣ ለብቻህ ተቀምጠህ ልብህን እይ። ካገኘኸው ደግሞ ለመናገር አትፈር፤ ያንተን ቂም ቀድመው የሚበሉት ልጆችህ ናቸው።