ሳይዘጋ የከረመው ኮምፒውተር

የእጅ ጽሑፌ ጠማማ ስለሆነና ፊደልም ስለምሳሳት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አቶ ጓንጉል የሚባሉ አንድ ሹም ነበሩ። ከተነሱ ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ስለሚመስላቸው ከወንበራቸው አይነሱም። ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ፤ ፀጉራቸውንም እዚያው ይቆረጣሉ። ኮምፒውተራቸውም እሳቸው ከተሾሙ ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም። አንድ ቀን ታዲያ ድርቅ ብሎ ቀረ።

ከቢሮው ፊት ለፊት በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ሞባይል የምትጠግን ልጅ ነበረች፤ እሷን አስጠሯት።

«ስሚ አንቺ! ይሄን አሁኑኑ አፍጥኚልኝ» አሏት። «ግን እንዳትዘጊው! እኔ ቢሮ ውስጥ ቦታውን የሚለቅ ነገር የለም። ካቃተሽ ሱቅሽን አሽገዋለሁ!»

ልጅቷ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። ሱቋ ከታሸገች እሷና እናቷ ጦማቸውን ማደራቸው ነው። ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረገች፤ ኮምፒውተሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ፣ ተዘግቶ ይከፈት እንጂ ሌላ መላ የለውም» አለች።

«አይዘጋም አልኩ እኮ!» ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡት።

«አይስጉ ጋሼ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እሱ ለአፍታ ቢዘጋ ቦታውን የሚቀማው የለም። እንዲያውም ሲመለስ ሥራ ይጀምራል።»

ጸሐፊያቸው ሳቋን በሻርፗ አፈነች። አቶ ጓንጉል ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው «እሺ፣ ዝጊው» አሉ። ኮምፒውተሩም ተዘግቶ ሲከፈት እንደ አዲስ ፈጠነ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «ባለሙያዋ» እያለ ይጠራታል። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገረችው ግን ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው መላ ያ ብቻ መሆኑን ነው።