የባለ ፋብሪካው ምርቃት

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለባለጸጋ ማጎንበስ አያውቅም ነበር። የቆዳ ፋብሪካ ያለው አቶ ደምሰው ዝቃጩን ወንዛችን ውስጥ እየለቀቀ ከብቶቻችንን ፈጀ። ከሰነው መርማሪዎች ሲመጡ በሬ አርዶ እነሱንም እኛንም ጋበዘ።

"ውሃው ንጹሕ ነው" አላቸው። "ሕዝቡም ይወደኛል።" ወደ ባለቤቴም ዞሮ፣ "አባባ፣ እስቲ ይመርቁኝ።"

እምቢ ቢል ክሳችን ምቀኝነት ሊመስል ነው። ባለቤቴ ተነስቶ እጆቹን ዘረጋ።

"ጤናዎን እንደ ወንዛችን ያድርግልዎ።"

"አሜን" አልን፤ አቶ ደምሰውም ሳያስበው አብሮን አሜን አለ።

"ልጆችዎን እንደ ወንዛችን ያድርግልዎ።"

"አሜን።"

"የልጅ ልጆችዎንም እንደ ወንዛችን..."

"ይብቃ፣ ይብቃ" አለ አቶ ደምሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

ባለቤቴ እጆቹን አላጠፈም። "ምነው ጌታው፣ ንጹሕ ነው አላሉም? አሜን ይበሉ እንጂ።"

መርማሪዎቹ ሥጋውን ትተው ወደ ወንዙ ወረዱ።