ሃያ ዓመት የፈጀ ድንገተኛ ሞት

አንድ ልብስ ሰፊ የወንድሙ ቀብር ላይ ቆሞ ወረቀት ያነባል። ከተማው ሆሳዕና ነው። ድምፁ ጥሩ ስለሆነ ከዘመዶቹ መካከል ሰው በሞተ ቁጥር የሟቹን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው እሱ ነው።

ስሙን ላምቤቦ እንበለው። የሞተው ታላቅ ወንድሙ መምህር ሐንዲሶ ነው፤ ገና ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሳለ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ላምቤቦ የት እንደተወለደ አነበበ። የት እንዳስተማረ አነበበ። ስንት ልጆች እንዳፈራ አነበበ። «ባደረበት ድንገተኛ ሕመም» የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ሰዉ እንባ የተናነቀው መሰለው። እንባ አልነበረም።

ታዲያ ምን ነበር?

ይህችን ቃል ከዚህ በፊት አንብቧታል። በአባቱ ቀብር ላይ አንብቧታል። በአጎቱ ቀብር ላይ አንብቧታል። ሦስት ሰው፣ አንድ ቤተሰብ፣ ያው ቃል። ሦስቱም እንዴት ድንገት ይሞታሉ?

ወገኖቼ፣ እናንተስ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ከሰማችሁ በኋላ «ለመሆኑ ምንድን ነው ይሄ ድንገተኛ የሚሉት?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔ አልጠየቅሁም። ስንትና ስንት ቀብር ላይ ቆሜ ጸልያለሁ፤ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ይህ ሰው ግን ጠየቀ።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ቀነስ ሲል፣ ድንኳኑ ውስጥ የአባቱ እህት ወይዘሮ ፋንታዬ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

«አክስቴ፣ አባቴ ከመሞቱ በፊት ያመው ነበር እንዴ?»

«ኧረ ጤነኛ ነበር። እስከ መጨረሻዋ ቀን እርሻው ድረስ ወርዶ ይመለስ ነበር» አሉት።

«ምንም አይሰማውም ነበር?»

«ምንም። ማጅራቱን ብቻ ይይዘው ነበር። ጠዋት ጠዋት ራሱን ሲያመው በሻሽ ጠበቅ አድርገን እናስርለታለን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ወይዘሮ ፋንታዬ አሰብ አደረጉ። «አንተ አንደኛ ክፍል የገባህ ጊዜ መሰለኝ።»

ላምቤቦ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ሲሞት እሱ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ስንት ዓመት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ከዚያ ተነስቶ ወደ ወንድሙ ሚስት ወደ ጥሩነሽ ሄደ። «እትዬ፣ ሐንዲሶስ? የነገረሽ ነገር ነበር?» አላት። ጥሩነሽ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ያላለቀ የኪኒን ማሸጊያና አንድ የታጠፈ የሕክምና ካርድ ይዛለች። ካርዱ ላይ ከፍተኛ የደም ግፊት ልኬት ተጽፏል፦ መቶ ሰባ በመቶ አምስት። ቀኑ የዛሬ አራት ዓመት ነው።

«ለምን ተወው?» አላት።

«አንድ ወር ወሰደና ደህና ነኝ አለ። ጨውም ቀንስ፣ እግርህንም አንቀሳቅስ ብለውት ነበር። ደህና ነኝ ካለ በኋላ ሁሉንም ረሳነው።» ካርዱን መልሳ አጠፈች። «እኔም እኮ ደህና ነኝ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። ያን ጊዜ አለቀሰች።

አያችሁ? ድንገት አልነበረም። አባትየው ሃያ ዓመት፣ ልጁ ቢያንስ አራት ዓመት። ሲመጣ የኖረ ነገር ነው። ዝም ብሎ ስለመጣ ብቻ ድንገት አልነው።

ላምቤቦ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ ይውላል። ወደ ሱቁ በባጃጅ ይሄዳል፤ በባጃጅ ይመለሳል። ወጥ ሲቀርብለት ሳይቀምስ ጨው ይነሰንሳል። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሲስተር ወገኔ የምትባል ነርስ ክንዱ ላይ መለኪያውን አሰረችለት። መቶ ስልሳ ስምንት በመቶ አራት።

«ተሳስተሽ እንዳይሆን» አላት። «ምንም አይሰማኝም እኮ።»

«አብዛኛውን ሰው አይሰማውም። ቢሰማችሁማ መለኪያ ምን ያደርግልን ነበር?» አለችው። አሳርፋ እንደገና ለካችው። በሌላ ቀንም ጠርታ ለካችው። ያው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ይወጣል፤ ወይ ተቆጥቶ። እሱ ጥያቄ ጀመረ።

«ጨው ምን ያደርገኛል?»

«ጨው ውሃ ይይዛል። ደም ሥርህ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይበዛል። ያንን ሁሉ የምትገፋው ልብህ ናት።»

«በቀን ስንት ጊዜ ትገፋለች?»

«መቶ ሺህ ጊዜ ገደማ።»

«ስተኛም?»

«ስትተኛም።»

ላምቤቦ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አርባ ስድስት ዓመት አብሯት ሲኖር አንድ ቀን እንኳ አስቧት አያውቅም። እናንተስ አስባችኋት ታውቃላችሁ? ዛሬ ጠዋት ከአልጋችሁ ያስነሳቻችሁ እሷ አይደለችም?

ሐኪሙ ኪኒን አዘዘለት። የቀረው ሥራ የራሱ ነበር። ጠዋትና ማታ ሱቁ ድረስ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ሚስቱ አድነች የጨው ዕቃውን ከገበታ አነሳች፤ ቅቤውን ቀነሰች፤ ጎመንና ባቄላ አበዛች።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወጡ ውሃ ውሃ አለው። አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አድርጎ «የበሽተኛ ምግብ ነው የምታበይኝ» አላት። አድነችም «እንግዲያውስ እኔም በሽተኛ ነኝ» ብላ ከዚያው ሳህን በላች። ልጆቹም በሉ። በሁለተኛው ወር ሰርግ ተጠርቶ ሄደ፤ አንድ ጉርሻ ጎርሶ «ዛሬ ምን ነካቸው፣ ጨው ደፍተውበታል» አለ። ጨው የደፋበት ሰው አልነበረም። ምላሱ ነው የተለወጠው።

በአምስተኛው ወር ሲለካ መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ አራት ሆነ። እየሳቀ ቤቱ ገባ። «ተሽሎኛል። ከነገ ጀምሮ ኪኒኑ ይቅርብኝ» አለ።

አድነች ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም። «ሐንዲሶም እንደዚሁ ብሎ ነበር» አለችው።

ላምቤቦ ያን ዕለትም ኪኒኑን ዋጠ፤ ዛሬም ይውጣል። በሚቀጥለው ወር ዘመዶቹን ሰብስቦ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ዘጠኝ ሰው ተለካ፤ አራቱ ከፍተኛ ግፊት ተገኘባቸው። ከአራቱ አንዱ የሐንዲሶ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። አንዲት የላምቤቦ እህት ግን «እኔ በጌታ ነኝ፣ አልለካም» ብላ ቀረች። እስከ ዛሬ አልተለካችም። እንጸልይላታለን። ከእናንተ መሃል የሚያውቃት ካለ ግን ጸሎት ብቻውን አይበቃም፤ ቤቷ ሄዳችሁ እጇን ይዛችሁ አምጧት።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ለምን ነገርኳችሁ? ልባችሁን የሰጣችሁ እግዚአብሔር ነው። የሰጣችሁን ነገር ማወቅ እምነት ማጣት ነው ያላችሁ ማነው? መጠየቅ መጠራጠር ነው ያላችሁስ ማነው? ደህና ነኝ ትላላችሁ። በምን አወቃችሁ? ስላልተሰማችሁ?

ብዙ ነገር እንዲህ ነው። ትዳር ድንገት ፈረሰ እንላለን። ወንድማማቾች ድንገት ተጣሉ እንላለን። ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ፤ ስንት ዓመት ማጅራቱን ይዞት እንደነበር ታገኛላችሁ።

ዛሬ ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ግፊት የሚለኩ ሁለት ነርሶች ይቆያሉ። ወረፋው ይረዝም ይሆናል፤ ቁሙ። አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁ እያዩአችሁ ቁሙ። እናንተ ልጆችም አባታችሁ «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ በሩ ሲሄድ ካያችሁት ክንዱን ያዙና «አባዬ፣ ለእኔ ስትል» በሉት። እምቢ የሚል አባት አይመስለኝም።

እኔም እሰለፋለሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ተለክቼ አላውቅም።