የላይ ሰፈር ውሃና አዲሱ ቋንቋ

ተረት ተረት ስላችሁ «የውሃ በረት» በሉኝ። ዛሬ ላም የለንም።

ላይ ሰፈር፣ ጉሙ ጣሪያ ላይ ተኝቶ በሚያንቀላፋበት ማለዳ፣ አልጋነሽ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሕፃኑ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ገላውን መታጠብ። አልጋነሽ ከነደሙ አቀፈችው። ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ ባልዲ አነሱ።

«ባልዲ፣ ባልዲ፣ ውሃ ስጥ፤ ሕፃኑ አልታጠበም።»

«ቧንቧው ካልሞላኝ ምን አባቴ ላድርግ?» አለ ባልዲው።

«ቧንቧ፣ ቧንቧ፣ ባልዲ ሙላ፤ ባልዲው ውሃ አልሰጥ አለ፣ ሕፃኑም አልታጠበ።»

ቧንቧው በእንቅልፍ ልቡ አጉረመረመ። «ኮምፒውተሩ ካላዘዘኝ አልፈስም።»

እትዬ ዘርፌ ጉሙን በነጠላቸው እየገፉ የውሃ ወረፋ ወደሚያዘው ኮምፒውተር ወረዱ። «ኮምፒውተር፣ ቧንቧ እዘዝ፤ ቧንቧው ባልዲ አልሞላ አለ፣ ባልዲው ውሃ አልሰጥ አለ፣ ሕፃኑም አልታጠበ።»

«የማዘው ፕሮግራሙ የጠራውን ሰፈር ነው። ላይ ሰፈር አልተጠራም» አለ። «ወይ ጣጣ፤ ከጥንትም የወረፋው አንደኛ እኛ እኮ ነን» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ፕሮግራም፣ ላይ ሰፈርን ጥራ፤ ኮምፒውተሩ ቧንቧ አላዝ አለ፣ ቧንቧው ባልዲ አልሞላ አለ፣ ባልዲው ውሃ አልሰጥ አለ፣ ሕፃኑም አልታጠበ።»

ፕሮግራሙ አዲስ አፍ ፈቺ ነውና ኮልተፍ አለ። «ትናንት ከአሮጌው የኮምፒውተር ቋንቋ ወደ አዲሱ ያሻገረችኝ ፕሮግራም ጸሐፊዋ ፌቨን ናት። እኔ እንደ ድሮዬ ከአንድ ጀምሬ እጣራለሁ። እሷ ታርመኝ።»

«ፌቨን ልጄ፣ ፕሮግራሙን አርሚ፤ ፕሮግራሙ ላይ ሰፈርን አልጠራ አለ፣ ኮምፒውተሩ ቧንቧ አላዝ አለ፣ ቧንቧው ባልዲ አልሞላ አለ፣ ባልዲው ውሃ አልሰጥ አለ፣ ሕፃኑም አልታጠበ።»

ፌቨን ግራ ገባት። «እትዬ፣ ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት። ስህተቱን አጣሁት። ለመሆኑ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ምን ዓመት አለው? ገና ዜሮ ነው።»

«ዜሮ?»

«ዜሮ ነው ብለን ታዲያ የለም እንበል? ይኸው ቤቱን በለቅሶ ሞልቶታል።»

ፌቨን ወደ ጻፈችው ተመለሰች። አሮጌው ቋንቋ ከአንድ ይቆጥራል፤ አዲሱ ከዜሮ። አንደኛው ላይ ሰፈር ሲሻገር ዜሮ ላይ ተቀምጧል፤ ፕሮግራሙ ከአንድ ሲጀምር ዘሎት ያልፋል። የመነሻውን አንድ አጠፋችና ዜሮ ጻፈች።

ፕሮግራሙ ላይ ሰፈርን ጠራ፣ ኮምፒውተሩ ቧንቧ አዘዘ፣ ቧንቧው ባልዲ ሞላ፣ ባልዲው ውሃ ሰጠ፤ ሕፃኑም ታጠበ። ታጥቦም እናቱ ደረት ላይ፣ ከጉሙ ጋር አብሮ እንቅልፍ ወሰደው።

አልጋነሽ የሆነውን ስትሰማ ልጇን ሳመችው። ስሙንም «አለኸኝ» አለችው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውሃ አርሱ።