ያለ ስምንት አልነሳም ያለው ፕሮግራም

ቀረብ በሉ፤ ተረቴ አጭር ነው፣ ጭራው ግን ረጅም ነው።

ዘርፌ የምትባል የጎርፍ ተመራማሪ ነበረች። ወንዙ ሞልቶ መንደር ይደርስ እንደሆነ የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፋለች። ፕሮግራሙ ሥራውን ስምንት ቦታ ቆርሶ ለስምንት ኮምፒውተር ያካፍላል። የጻፈችው ግን ስምንቱም የብቻዋ በነበሩበት ዘመን ነው። አሁን ኮምፒውተሮቹ የጋራ ሆነዋል፤ አንዱ ይመጣል፣ አንዱ ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠዋት ከወንዙ ዳር የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዋሴ ደወሉላት። "ልጄ፣ ወደ ላይ ደመናው ከብዷል። ከብቱን ወደ ዳገት እንንዳ ወይስ እንቀመጥ? አምና በከንቱ ነድተን ሁለት ላም ገደል ገባብን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁርጡን ንገሪን።"

ዘርፌ ሮጠች። "ተነስ፣ አስላ!" አለችው ፕሮግራሙን።

ፕሮግራም ይናገራል እንዴ? በኔ ተረት ይናገራል፤ ምን አገባችሁ! "ሰባት ነን። ስምንት ካልሆንን ንቅንቅ አልልም!" አለ።

ወደ ስምንተኛው ኮምፒውተር ሄደች። "ፕሮግራሜ ያለ ስምንት አይነሳም፤ እባክህ ና።"

"የስንዴው ስሌት ይዞኛል። እሱ ካልለቀቀኝ አልመጣም።"

ስንዴውን ወደሚያሰሉት ወደ ወይዘሮ ትርሲት ሄደች። "እትዬ፣ ፕሮግራሜ ያለ ስምንት አይነሳ፣ ስምንተኛው ካልተለቀቀ አይመጣ፤ ይልቀቁልኝ!"

"ኧረ ዘርፍዬ! እኔስ መቼ ጠላሁ? የአፈሩ ውጤት ካልመጣልኝ ስንዴዬ አያልቅም።"

አፈሩን ወደሚያሰሉት ወደ አቶ ደባልቄ ሄደች። "ፕሮግራሜ ያለ ስምንት አይነሳ፣ ስምንተኛው ካልተለቀቀ አይመጣ፣ ስንዴው ያለ አፈር አያልቅ፤ አፈሩን ይጨርሱልኝ!"

"በምኔ ልጨርስ? በጥርሴ? ሦስት ኮምፒውተር ካላገኘሁ አልጀምርም። ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ ላይ ነኝ እኮ!"

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆነ። እያለከለከች ወደ ወረፋ አስከባሪው ወደ ጋሽ ላቀው ደረሰች። "ጋሼ፣ ፕሮግራሜ ያለ ስምንት አይነሳ፣ ስምንተኛው ካልተለቀቀ አይመጣ፣ ስንዴው ያለ አፈር አያልቅ፣ አፈሩ ያለ ሦስት ኮምፒውተር አይጀመር፤ በሞቴ፣ ለአቶ ደባልቄ ሦስት ይስጧቸው!"

ጋሽ ላቀው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። "ከየት አምጥቼ? ሰባቱን አንድ ጉድ ይዟቸዋል። አይሠራ፣ አያሠራ! በድንጋይ ወረፋ ይዞ እንደሚጠፋ ሰው ቦታውን ዘግቶ ተጎልቷል።"

"ማነው እሱ? ነውር የሚባል አያውቅም?" አለች ዘርፌ በንዴት።

"ያንቺው ፕሮግራም ነዋ!"

ዘርፌ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። "እሺ፣ በሰባቱ ልሥራ?" አለች ቀስ ብላ።

"ሦስቱ የደባልቄ ተራ ናቸው። ስትጎለቺበት ዋልሽ!"

በሩጫ ተመለሰች። "ስምንት ካልሆነ" የምትለዋን መስመር ሰረዘቻት። "ስማ! ባለህ ጀምር። ሲጨመርልህ ለአዲሱ አካፍል፣ ሲወሰድብህ ድርሻውን ለቀሩት አዙር።"

"ክብሬስ?" አለ ፕሮግራሙ።

"ክብርህን ለአባ ዋሴ ሄደህ አስረዳቸው!"

ፕሮግራሙ ሦስቱን ለቀቀ፤ በአራቱ እያጉረመረመ ጀመረ። በአራት ብቻ ቢቀር ኖሮ ዘጠኝ ሰዓት ጥሎት ይሄድ ነበር። ግን አፈሩ ሦስት አገኘና ተጀመረ፣ ተጀመረና አለቀ፤ ሦስቱ ተመለሱ፣ ፕሮግራሙ ሰባት ሆነ። ስንዴው አፈሩን አገኘና አለቀ፤ ስምንተኛው ተለቀቀና መጣ፣ ፕሮግራሙ ስምንት ሆነ! ኧረ እንዴት እንደበረረ!

ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሲሆን ዘርፌ ደወለች። "አባ፣ ንዱ! አሁኑኑ ንዱ!"

"ቁርጥ ነው?"

"ቁርጥ ነው፣ አባ።"

ነዱ። ውሃው አመሻሽ ላይ እየደነፋ መጣ። በየበረቱ ገብቶ ፈለገ፣ በየጓሮው ዞሮ ፈለገ፤ ከእበት በቀር ያገኘው የለም።

እኔ ጨረስኩ፤ ተረኛው ይናገር።