ዳኛዋን ወንድ ያደረጉ ሦስት ጋዜጠኞች

በአንድ ወቅት፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ግቢው በጎረቤት በሚሞላበት ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት ዳኛ ነበረች። የትኛው ከተማ ነው አትበሉኝ፤ እኔም በዚያ በኩል ማለፍ አለብኝ።

ቢተው የሚሉት ጉልበተኛ በገበያ መሃል ሰው ገደለና ጉዳዩ እሷ ችሎት ደረሰ። ሲገድል ገበያው ሁሉ አይቷል፤ የሚመሰክር ግን ጠፋ። የቢተው ወንድም ጠመንጃውን ይዞ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ይቀመጥ ነበራ! ማን ደፍሮ ይግባ?

ደብሪቱም ፈርታለች። በዚያ አገር ደም መላሽ ወንድ ይገድላል እንጂ ሴት አይነካም ይባላል። ግን ይባላል ተብሎ ማን ተኝቶ ያድራል? ብቻዋን የምታሳድጋቸው ልጆች አሏት። ከዋና ከተማ ሦስት ጋዜጠኞች ሲመጡ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ «ልጆቼ፣ እንደፈራሁ ጻፉልኝ። የበላዮቼ ሰምተው ጥበቃ ይልኩልኝ ይሆናል» አለቻቸው።

አጥናፉ የጋዜጣ ሰው ነው። ያን ጊዜ ጋዜጣ ጠንካራ ሴት የሚያሞግስበት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ያንኑ ጻፈ። «ቀሚስ ለበሰች እንጂ ወንድ ናት!» ዳኛዋ ፈራች ተብሎ ቢጻፍ ማን ይመሰክራል ብሎ ነው፤ ክፋት አልነበረውም።

ፎቶ አንሺው ክብሮም ደግሞ የእጇ መንቀጥቀጥ አስቸገረው። የፍርድ ቤቱን ዘበኛ ጠመንጃ ተቀብሎ አስያዛት። «እሜቴ፣ ጠበቅ ያድርጉት! ፊትዎንም ኮስተር!» እጇ እውነትም ረጋ። እሷም እምቢ አላለችም፤ ይህቺን አትርሱብኝ።

ለገሰ የሬዲዮ ነው። ለእሱ፣ «እፈራለሁ፣ ልጆች አሉኝ። ግን ፍርዱን ትቼ የትም አልሄድም» ብላው ነበር። ያኔ የተቀዳ ድምፅ የሚስተካከለው የቴፑ ክር በምላጭ እየተቆረጠ ነው። ለገሰ ፍርሃቷን ቆርጦ ጣለና «የትም አልሄድም» የሚለውን ብቻ ለአገር አሰማ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጠቀመ። ጋዜጣው ተነበበ፣ ፎቶው ጠጅ ቤት ተለጠፈ፣ ድምጿ ተሰማ፤ ሰዉ ወኔ አገኘ። ምስክሮች ተግተልትለው መጡ፣ ቢተውም ሞት ተፈረደበት። ጥበቃው ግን ቀረ። የበላዮቿ «እንዲህ ያለችዋን ደግሞ ማን ይነካታል!» አሉና ሳቁ።

ፍርዱ በተፈጸመ ማግሥት ጋዜጠኞቹ ቤቷ ሄዱ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ሊሏት። ገና ከመቀመጣቸው የቢተው ወንድም ጠመንጃውን አቀባብሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። በሩ ተቀረቀረ፤ ልጆቹ አልጋ ሥር ገቡ። ክብሮም ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ።

አጥናፉ በበሩ ስንጥቅ፣ «ኧረ በእግዜር! ባገራችሁ ለደም ሴት አይገደልም አይደል?» ብሎ ጮኸ።

«አይገደልም» አለ ሰውየው። «እኔም የልጆች እናት ናት ብዬ ትቻት ነበር። ወንድ ናት ያላችሁ እናንተ! ጠመንጃ ያስያዛችኋት እናንተ! አንዴ እንኳ እፈራለሁ ብትል ምን አለ? ስትል አልሰማሁም። እንግዲህ ወንድ ይውጣልኝ። ወይ እሷ፣ ወይ ወንድ ያደረጋት። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

ሁሉም ለገሰን አዩት። እሱም አጥናፉን በጣቱ ጠቆመ። «እኔ ያላለችውን አልጨመርኩም» አለ። «ያልሆነችውን ናት ያለው አጥናፉ ነው።»

«ቃል ነው የጻፍኩት!» አለ አጥናፉ። «በባዶ እጇ ብትሆን ቃሌን ማን ያምን ነበር? ጠመንጃው ነው ያሳመነው።»

«ጠመንጃውን ወዳ ያዘች» አለ ክብሮም። «እፈራለሁ ማለቷ ቢሰማ የኔን ፎቶ ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። ለገሰ ይውጣ።»

ከአልጋው ሥር አንዷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ደብሪቱ ተነስታ ወደ ሦስቱ ዞረች። «ተዉ ልጆቼ፣ የፈረድኩት እኔ ነኝ» አለች። በሩ ድረስ ሄዳ መወርወሪያውን ያዘች። እጇ እንደ መጀመሪያው ቀን ይንቀጠቀጣል። ከሦስቱ አንዱም እጇን አልያዘም፤ አንዱም ደግሞ ከእጇ ላይ ዓይኑን መንቀል አልቻለም።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። እናንተ ፍረዱ፣ ግን ቶሎ በሉ፤ ከበሩ ማዶ ያለው ሰው እየጠበቀ ነው። ማን ይውጣ?