ቃጭል የሌላቸው መንገደኞች

«አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች» አሉ የኔታ። ይህን የተናገሩት ለቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ተማሪው ዛሬ በከተማ ፕላን ቢሮ ይሠራል። ከሰዎች ስልክ በተሰበሰበ ምልክት የተሠራ ካርታ ይዞ መጥቶ፣ አንድ የወንዝ ዳር ሜዳ ሰው የማይደርስበት ሆኖ ስለተገኘ ሊታጠር መሆኑን ነገራቸውና፣ «የኔታ፣ ይህን ያህል ሺህ ምልክት ሊሳሳት ይችላል?» ሲል ጠየቃቸው።

ሸክላ ሠሪዋ ደብሪቱ ትባላለች። ከታችኛው መልካ፣ ሰው ወንዙን በእግሩ ከሚሻገርበት ዳር፣ አፈር እየቆፈረች እንስራና ጋን ትሠራ ነበር።

የአገሩ ገዢ ከሁለቱ የወንዝ መልካዎች አንዱን ከነሜዳው ዘግቶ ለአንድ ባለጠጋ ለግጦሽ ሊሰጥ አሰበ። ፍርድ አዋቂ ነኝ ባይ ነበርና ሳያጣራ አልወሰነም። የትኛው መልካ ሰው እንደሚበዛበት እንዲመዘግብ ጸሐፊውን ጉብታ ላይ አስቀመጠው። ጉብታው ሩቅ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ሰው አይታይም፤ የሚሰማው የበቅሎ ቃጭል ብቻ ነው። ጸሐፊው ቃጭል በሰማ ቁጥር ጻፈ። አርባ ቀን እንዲህ አደረገ። በላይኛው መልካ ቃጭሉ ሲያቃጭል ይውላል፤ ከታችኛው አንድም አልተሰማ። ጸሐፊው አልዋሸም፤ የሰማውን ሳያጓድል ጻፈ። ገዢውም የታችኛው መልካ ሰው የማይረግጠው ባድማ ነው ብሎ አሳጠረው።

ደብሪቱ በማለዳ ስትወርድ አጥር ጠበቃት። ከኋላዋ ውኃ ቀጂዎች፣ እንጨት ተሸካሚዎችና ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ የያዙ ሰዎች መጥተው ቆሙ። ሁሉም እዚያ ሲሻገሩ የኖሩ ናቸው፤ በቅሎ ያለው ግን አንድም የለም። ወደ ላይኛው መልካ ለመዞር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሴትዮዋ ደግሞ ግማሽ ቀን የላትም።

ደብሪቱ ማንንም አላማከረችም። የመጀመሪያውን እንጨት ጨብጣ ነቀለችው። ቀጥሎ ያለውንም ነቀለች። ቃሬዛው በዚያ አለፈ።

ተይዛ ገዢው ፊት ቀረበች። ገዢው በብዙ ከተቆጣ በኋላ መላ ያገኘ መሰለው። ሰው ከሆናችሁ እናንተም ቃጭል እሰሩ፤ ያን ጊዜ ትቆጠራላችሁ አላት።

ቀና ብላ አየችው።

«ጌታዬ፣ ቃጭል የሚታሰረው ለከብት ነው። እኛ ለመቆጠር ብለን አንገታችን ላይ ምንም አናስርም። ሊቆጥረን የፈለገ ከጉብታው ይውረድ። እስኪወርድ ድረስ ግን እርስዎ ባሳጠሩ ቁጥር እኔ እነቅላለሁ።»

ሦስት ቀን አሳሰራት። በሦስቱም ቀን ጠዋት የተተከለው አጥር ቀትር ሳይሆን ይነቀል ነበር። ማን ነው የነቀለው ሲባል መንደሩ በሙሉ እኔ ነኝ አለ። በአራተኛው ቀን ገዢው ራሱ ወርዶ መልካው አፍ ላይ ተቀመጠና አላፊውን ይቆጥር ጀመር። ፀሐይ ሳትበረታ ከሰዉ ብዛት ቁጥሩ ጠፋበት። ይቅርታ አልጠየቀም፤ አጥሩን ግን አስነሣ፤ ደብሪቱንም ፈታ።

የኔታ ወደ ተማሪያቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ጸሐፊ ይህ የያዝከው ካርታ ነው፤ ቃጭሉም ስልክ ነው። ካርታህ ዋሸ አልልህም። ስልክ ያለውን ሰምቷል፤ የሌለውን ግን አልሰማም። አንተም ያልተሰማውን ሁሉ የለም ብለህ አነበብከው። እነዚያን ሰዎች ስልክ ግዙ እንዳትላቸው። በእግርህ ውረድና ሜዳው ላይ ዋል። አለቆችህ ፈርም ሲሉህ፣ ያላየሁትን ሰው የለም ብዬ አልፈርምም በላቸው። ቢቆጡ ይቆጡ።»